«አባቴ መጥተዋል» ሲባል «ሃዝ» ነው ወይስ «ሃቭ»?

እህቴ፣ ከደብረ ማርቆስ የጻፉትን ጥያቄ አነበብኩት። ዘጠነኛ ክፍል ያለችው ልጅዎ «ሃዝ» ለነጠላ፣ «ሃቭ» ለብዙ የሚለውን ሕግ በቃሏ ይዛ ሳለ፣ በፕረዘንት ፐርፌክት (እንደ «መጥቷል» ባለው የእንግሊዝኛ የግስ ጊዜ) ድርሰት ስትጽፍ ለምን እንደምታምታታ ጠይቀዋል። ልጅቱ ሰነፍ አይደለችም። በምዕራብ ጎጃም በአንዲት የወረዳ ከተማ እንግሊዝኛ ሳስተምር ይህን ስሕተት ለዓመታት በቀይ እስክሪብቶ ሰርዣለሁ፤ ምንጩን የነገረችኝ ግን ተማሪ ናት።

ሰሌዳው ላይ «ማይ ፋዘር ሃቭ ካም» ብላ ጻፈች። «አባትሽ አንድ ሰው አይደሉም እንዴ? ለምን ‹ሃቭ› አልሽ?» አልኳት። ጠመኔውን በጣቶቿ እያሻሸች ትንሽ ቆየችና፣ «መምህር፣ አባቴን እንዴት ‹መጥቷል› እላቸዋለሁ?» አለችኝ።

ማታ የክፍሉን ደብተር ሁሉ ሰብስቤ እንደ አዲስ አየሁት። «ሃቭ» በስሕተት የገባው አባት፣ እናት፣ አያት፣ ቄስ እና ርእሰ መምህር ላይ ነበር። ታናሽ ወንድም፣ ላም እና ድመት ላይ ሲደርሱ ግን አብዛኞቹ «ሃዝ» ብለው በትክክል ጽፈዋል። አማርኛ አንድን ሰው ሲያከብር ግሱን በብዙ ቁጥር ያደርገዋል፤ «አባቴ መጥተዋል» እና «ልጆቹ መጥተዋል» ግሳቸው አንድ ነው። እንግሊዝኛ እንዲህ የለውም። «ሂ» ወይም «ሺ» የሚባል ሰው ሁሉ፣ ንጉሥም ይሁን እረኛ፣ «ሃዝ» ነው።

ሕጉን ደግሜ መንገር ብቻውን አልጠቀማትም። የረዳት ሌላ ነገር ነው፤ «እግዚአብሔር ሰጥቷል» እንጂ «ሰጥተዋል» አንልም አልኳት። ግሱ ነጠላ በመሆኑ ክብር እንዳልጎደለ ስታይ አባቷን «ሃዝ» ለማለት እጇ ተፈታ። እርስዎም በዚህ ይጀምሩላት።

ሁለተኛው ወጥመድ የቃላት ቅደም ተከተል ነው። «የበሬዎች ዋጋ ጨምሯል» ስንል ባለቤቱ «ዋጋ» ከግሱ አጠገብ ነው። በእንግሊዝኛ ግን «ዘ ፕራይስ ኦፍ ኦክሰን» ይባላል፤ ዋጋው ፊት ይወጣና ግሱ አጠገብ በሬዎቹ ይቀራሉ። ልጅ በቅርብ ያለውን አይታ «ሃቭ ኢንክሪዝድ» ትላለች። የጨመረው ግን ዋጋው ነውና «ሃዝ ኢንክሪዝድ» ነው። ግሱን ከመጻፏ በፊት «የጨመረው ምንድን ነው?» ብላ ራሷን ትጠይቅ።

ሦስተኛው በቃል የሚያዝ ነው። እኛ «ሁሉም መጥተዋል» የምንለውን እነሱ «ኤቭሪባዲ ሃዝ ካም» ይላሉ፤ እኛ «ሕዝቡ መጥቷል» የምንለው ደግሞ «ዘ ፒፕል ሃቭ ካም» ይሆናል። ልክ ተገላብጦ ማለት ነው። «ኒውስ» መጨረሻው ብዙ ቢመስልም «ሃዝ» ነው። «አይ» እና «ዩ» አንድ ሰው ቢሆኑም «ሃቭ» ናቸው። እንደ «መስት» ያለ ቃል ከቀደመም ባለቤቱ ማንም ይሁን ማን «ሃቭ» ነው፤ «ሺ መስት ሃቭ ካም» እንደማለት።

«ሺ ሃዝ ካምስ» ብላ ጽፋ ካገኟት ደግሞ አይቆጧት። «መጥታለች» ሲፈታ «መጥታ» እና «አለች» ነው፤ «መጥቻለሁ» ደግሞ «መጥቼ» እና «አለሁ»። በእኛ ቋንቋ ሁለቱም ክፍሎች ባለቤቱን ይከተላሉ። በእንግሊዝኛ የሚለወጠው ረዳት ግሱ ብቻ ነው፤ «ካም» ከማንም ጋር «ካም» ነው።

አንድ ዓመት ከቅኔ ቤት የመጣ ልጅ ክፍሌ ገብቶ ነበር። የግእዙን ግስ ከአሥሩ መራሕያን (ተውላጠ ስሞች) ጋር ሲያዘምት፣ ማለትም ሲያረባ፣ የኖረ ነው፤ «ውእቱ መጽአ፣ ይእቲ መጽአት፣ እሙንቱ መጽኡ» እያለ። እንግሊዝኛውን በዚያው ዜማ፣ «ሂ ሃዝ ካም፣ ሺ ሃዝ ካም፣ ዜይ ሃቭ ካም» ብሎ ሲያወርደው ጓደኞቹም ተከተሉት። ጎጃም የቅኔ አገር ሆኖ ሳለ ይህን የአያቶቻችንን ዘዴ ለእንግሊዝኛ አለመጠቀማችን ይቆጨኛል። ልጅዎም ድምፅዋን አውጥታ ታዚመው፤ በዓይን ብቻ የተነበበ ሕግ ድርሰት ላይ አይገኝም።

ከዚያ በየማታው ቤት ውስጥ የሆነውን አምስት ዓረፍተ ነገር ትጻፍ፤ አያቷ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰዋል፣ ላሟ ወልዳለች፣ ጎረቤቶች ቡና ጠጥተዋል። ከአምስቱ ሁለቱ አንቱ የሚባል ሰው ያለባቸው ይሁኑ። የመጀመሪያውን እርስዎ ይስጧት፤ «እናቴ እንጀራ ጋግረዋል» የሚለውን።