እናቴን ይዤ ወይን እርሻ ልሂድ ወይ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ለሦስት ወር መጥታለች፤ ከቤተ ክርስቲያን ሞል፣ ከሞል ቤት ሰለቻት። የሥራ ጓደኞቼ ባርበርስቪል የሚባል ትልቅ የወይን እርሻ ውሰጃት ይሉኛል። እሷ በዓመት በዓል ከምትቀምሳት ጠጅ በቀር መጠጥ በአፏ አይዞርም፣ እኔም ሾፌር ነኝ። ምን እናደርጋለን እዚያ?

መልስ፦ ውሰጃት እንጂ! ሁለት ሰዓት ገደማ ትነጃለሽ፤ ኦሬንጅ የምትባለውን ከተማ ስታልፊ ኮረብታ፣ አጥርና ፈረስ ብቻ ነው። እናቶች ለምለም ነገር ሲያዩ እንዴት እንደሚሆኑ ታውቂያለሽ።

የእርሻው ባለቤቶች ዞኒን የሚባሉ ጣልያኖች ናቸው፣ ከአያት ቅድመ አያት ወይን ጠማቂ። በ1976 እ.ኤ.አ. ቦታውን ሲገዙ ቨርጂኒያ ላይ ደህና ወይን ጠጅ ይወጣል ብሎ የሚያምን ብዙ ሰው አልነበረም። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው ቶማስ ጄፈርሰን እንኳን እዚያው አቅራቢያ፣ ሞንቲቼሎ በሚባለው እርሻው ላይ፣ የአውሮፓ ወይን ተክሎ ስንት ዓመት ደክሞ አልሆነለትም። የሐምሌው ወበቅ ሻጋታ ያመጣል፣ ሚያዝያ ላይ ደግሞ ውርጭ ድንገት መጥቶ ቡቃያውን ያቃጥለዋል። ዛሬ በግዛቱ ከ300 በላይ ጠማቂዎች አሉ።

ግቢው ውስጥ የፈረሰ ቤት አለ፤ የቨርጂኒያ አስተዳዳሪ የነበረው ጄምስ ባርበር ያሠራው፣ ንድፉ የጄፈርሰን። በ1884 እ.ኤ.አ. በፈረንጅ ገና ዕለት ተቃጠለ፤ ጡቡና አምዶቹ እስካሁን ቆመዋል። እናትሽን መጀመሪያ እዚያ አዙሪያት።

ቅምሻው እንደ ጠጅ ቤት አይደለም፣ ብርሌ እስከ አንገቱ አይሞላልሽም። ሁለት ጉንጭ የምትሆን ይቀዱልሻል፣ ታሸቻለሽ፣ ትቀምሻለሽ፣ ከፈለግሽ መትፊያው ውስጥ ትተፊያለሽ። ነውር አይደለም። እኔ የመጀመሪያ ቀን አፍሬ ሁሉንም ዋጥኩና ከሰዓቱን ሙሉ መኪና ውስጥ ውሃ እየጠጣሁ ዋልኩ። አንቺ ትፊው፣ መሪ የያዝሽው አንቺ ነሽ።

ኔቢዮሎ የሚባለውን ቀዩን ወይን ጠጅ ሞክሪ። ቀለሙ ስስ ነው፣ ቀላል ነገር ይመስልሻል፤ አፍሽ ሲገባ ግን ብዙ ፈልቶ ስኳር እንዳልገባበት ሻይ ድድሽን ጭምድድ ያደርገዋል። ቪዮኒዬ የሚባለው ነጩ ደግሞ ሽታው ኮክ ኮክ ይላል። ለእናትሽ ከደረቀ የወይን ፍሬ የሚጠመቀውን ጣፋጩን፣ ፓሲቶ የሚሉትን ጠይቂ። ለጠጅ ሰው የሚቀርበው እሱ ነው። ግማሽ ጉንጭ ቀምሳ «ማር የለውም?» ማለቷ አይቀርም።

ምሳ እዚያው ሬስቶራንት አለ፣ ኪስ ግን ይነካል፤ እኔ ብሆን ድፎ ዳቦ ይዤ እሄዳለሁ፣ መንገድ ላይ ዛፍ ሥር የሚበላ። ጠፍጣፋ ጫማ አድርጉ። ቅዳሜ ሰው ይተራመሳል፤ ረቡዕና ዓርብ እናትሽ ጾም ናት። ስለዚህ አስቀድመሽ ደውለሽ ክፍት መሆኑን አረጋግጪና ሐሙስን ፈቃድ ውሰጂ።