መንቀጥቀጡ የተወዎት ስለተሻለዎት አልነበረም

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ በቅርቡ ከጓደኞቼ ጋር የስድስት ቀን የእግር ጉዞ ወጥተን ነበር። በሦስተኛው ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ዝናብ ሲወርድብን ዋለ። ዘጠኝ ሰዓት ያህል በራሰ ጫማ ተጓዝኩ። ከሰዓት በኋላ ክፉኛ ሲያንቀጠቅጠኝ ቆየና በራሱ ተወኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን በደንብ አላስታውስም፤ ጓደኞቼ እንደ ሰካራም ስትንገዳገድ ነበር ይሉኛል። ድንኳን ውስጥ አስገብተው አሞቁኝ፣ በማግስቱም ተመለስን። አሁን ስምንት ቀን ሆኖኛል። የእግር ጣቶቼ እንደደነዘዙ ናቸው፣ ማታ ማታ ይለበልበኛል። የሳንባ ምች እንዳይዘኝ ቤት የተረፈ አሞክሳሲሊን ወስጃለሁ። ለእግሬ ምን መድኃኒት ልግዛ?

መልስ፦ የጠየቁኝ ስለ መድኃኒት ነው። እኔ ግን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳዎት ሌላ ነገር ይመስለኛል። «እግሬ ይቆረጥ ይሆን?» የሚለው። ከእሱ ልጀምር።

ቆዳው ካልጠቆረ፣ ካልቆሰለና ካልሸተተ፣ እዚያ የሚያደርስ ነገር አይታየኝም። እግር ለብዙ ሰዓት በቅዝቃዜና በእርጥበት ሲቆይ የደም ሥሮቹ ይጠባሉ። ነርቮቹም ይጎዳሉ። ለዚህ በረዶ አያስፈልግም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻውን ይበቃል። በኋላ ደም ሲመለስ እግሩ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይለበልባል። ማቃጠሉ አብዛኛውን ጊዜ ነርቩ እየተመለሰ መሆኑን ያሳያል። ነርቭ ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚድነው፤ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። እግርዎን ደረቅ ያድርጉት፣ ሲቀመጡ ከፍ ያድርጉት። አይሹት። ፍል ውሃ ውስጥም አይንከሩት፤ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይሰማም።

ይሁን እንጂ እግርዎን አላየሁትም። ስምንት ቀን የደነዘዘ እግር ፋርማሲ ሳይሆን ሐኪም ዘንድ ነው የሚሄደው። በዚህ ሳምንት ይታዩ። ውሃ ከቋጠረ፣ መግል ከያዘ፣ ከጠቆረ ወይም የስኳር ሕመም ካለብዎት ግን ዛሬውኑ ይሂዱ።

አሞክሳሲሊኑን በተመለከተ እውነቱን ልንገርዎት፣ ተናድጃለሁ። የሳንባ ምች የሚያመጡት ተሕዋስያን ናቸው እንጂ ዝናብ አይደለም። ሳል ወይም ትኩሳት ነበረኝ ብለው አልጻፉልኝም። ታዲያ ምንን ለማከም ነው የወሰዱት? ቤት ተረፈ ማለት ደግሞ ባለፈው ጊዜ የታዘዘው ሰው ሳይጨርሰው ቀርቷል ማለት ነው። እባክዎ ይህን ልማድ ይተዉት።

አሁን ወዳስደነገጠኝ ነገር ልምጣ። በደብዳቤዎ ውስጥ እንደ ቀላል ያለፉት ነው። «በራሱ ተወኝ» ብለዋል።

መንቀጥቀጥ የሰውነት ማገዶ ነው። ጡንቻ እየተንቀጠቀጠ ሙቀት ያመነጫል። ጤነኛ ሰው 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። የውስጥ ሙቀቱ ከ35 ሲወርድ አደጋ ውስጥ ገብቷል፤ ወደ 32 ገደማ ሲደርስ መንቀጥቀጡ ይቆማል። ደረቅ ልብስ ሳይለብስ፣ ሳይበላ፣ ከዝናቡ ሳይወጣ መንቀጥቀጥ ያቆመ ሰው አልተሻለውም። ማገዶው አልቆ ነው። ብዙ ሰው «ለመድኩት»፣ «ሰውነቴ ተፍታታ» ይላል። ጓደኞቹም እፎይ ይላሉ። እፎይታው በዚያች ሰዓት በጣም አደገኛ ነው። አንዳንዱ ጭራሽ ሞቀኝ ብሎ ልብሱን ያወልቃል! ብርዱ አእምሮውን ስለያዘው ራሱን ሊያድን አይችልም። ስለዚህ ማወቅ ያለበት አብሮት ያለው ሰው ነው።

እዚያ ከመድረሱ በፊትም ምልክት አለ። ዚፕ መዝጋት ያቅተዋል። ምላሱ ይተሳሰራል። ይደነቃቀፋል። ሲያወራ የነበረው ሰው ዝም ብሎ ወደ ኋላ ይቀራል። «ደህና ነህ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ «ደህና ነኝ» ነው የሚለው። አዝራር እንዲቆልፍ ይንገሩት፣ እጁን ይዩ። አየሩ 10 ዲግሪ ቢሆንም ይህ ሊደርስ ይችላል። ውሃ ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ሙቀት ይወስዳል፤ ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። የራሰ የጥጥ ልብስ ምንም አያሞቅም።

ጓደኞችዎ ትክክል ሠርተዋል። ጉዞው ይቆማል። ከዝናብ ማስጠለል፣ እርጥቡን ማውለቅ፣ ደረቅ ማልበስ፣ ከሥር ወፍራም ነገር ማንጠፍ፣ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ማስገባት። በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ጠርሙስ ብብትና ደረት ላይ ይደረጋል። ኩባያውን ራሱ መያዝ ከቻለ ሞቅ ያለ ጣፋጭ ነገር ይጠጣ። አልኮል ግን በፍጹም፤ ቆዳን ያሞቃል፣ የውስጡን ሙቀት ያስወጣል። መንቀጥቀጥ ያቆመ ወይም የተደናገረ ሰው በዝግታ ይነካ፤ የቀዘቀዘ ልብ በቀላሉ ምቱ ይዛባል። በእግሩ አታስኬዱት። የነፍስ አድን እርዳታም ወዲያው ይጠራ።

ያልታወሰዎት ሰዓት እንዳያሳስብዎት። በዚያ ብርድ አእምሮ አይመዘግብም። አሁን ሐሳብዎ የተስተካከለ ከሆነ ጉዳት ቀርቷል ብዬ አልሰጋም። ቢሆንም ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ይህንንም ይንገሩ። ከጓደኞችዎ አንዱን ይዘው ይሂዱ፤ እርስዎ ያላዩትን ያየው እሱ ነው።