«ወተቷ መቼ ይነጥፋል?» ላልሽው

ሰላም እህቴ። ውሻሽ ከወለደች 5ኛ ሳምንቷን ይዛለች፣ ቡችሎቹ ሊጠቡ ሲመጡ ታጉረመርማለች፣ ተነስታም ትሄዳለች። ጎረቤትሽ ደግሞ «አሁኑኑ ካልለየሻቸው ወተቷ አይነጥፍም» ብሎሻል። እዚሁ ሐዋሳ ለዓመታት ውሻ ሳረባ ስለቆየሁ ያየሁትን ልንገርሽ። አትለያቸው፣ ገና ነው።

ማጉረምረሟ አያስደንግጥሽ። ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ ጥርስ ያበቅላሉ፤ ጥርሳቸው ደግሞ መርፌ ነው። እየጠቡ በፊት እግራቸው ጡቷን ስለሚገፉ ጥፍራቸውም ይቧጭራታል። ጎንበስ ብለሽ በጡቶቿ ዙሪያ ብታዪ ቀጫጭን ቀይ ጭረት አታጪም። የጥፍራቸውን ሹል ጫፍ ብቻ በሰው ጥፍር መቁረጫ በየሳምንቱ ቁረጪላቸው፤ ውስጡ ቀላ ብሎ የሚታየው ጋ አትድረሺ፣ ይደማል። ቆማ ማጥባት መጀመሯም፣ ቶሎ ጥላቸው መሄዷም እሷው ጡት እያስጣለቻቸው መሆኑን ነው የሚያሳየው። የምታርፍበት፣ እነሱ የማይደርሱበት ከፍ ያለ ቦታ አዘጋጂላት። የበላችውን አውጥታ ብታበላቸውም አትቆጪያት፣ የተፈጥሮ ነው።

ወተቷ የሚነጥፈው እነሱ መጥባት ሲቀንሱ ነው። ከወለደች ከ3 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ከምንም ጊዜ በላይ ይበዛል። ከዚያ ቡችሎቹ ምግብ በለመዱ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል፤ መጥባት ጨርሰው ከተዉ በኋላ ደግሞ በ1 ወይም በ2 ሳምንት ይደርቃል። ስለዚህ ዋናው ሥራሽ እነሱን ማብላት ነው።

ጥሩ ሆኖ ያገኘሁት የቡችላ ደረቅ ምግብ በሞቀ ውሃ አርሶ፣ ፈጭቶ፣ እንደ አጥሚት አቅጥኖ በዝርግ ሳህን በቀን 4 ጊዜ መስጠት ነው። መጀመሪያ ይረግጡታል፣ ፊታቸውን ይነክሩበታል፤ ጣትሽን ነክረሽ አስልሻቸው። በየጥቂት ቀኑ እያወፈርሽው ከሄድሽ በ7ኛው ወይም በ8ኛው ሳምንት ያለ እናታቸው ይጠግባሉ። ደረቅ ምግቡ ከተወደደብሽ በደንብ ከበሰለ ሩዝ፣ ከተከተፈ ሥጋና ከተቀቀለ እንቁላል ጋር ደባልቂው እንጂ ጨርሰሽ አትተዪው፤ ሩዝና ሥጋ ብቻውን ለሚያድግ አጥንት የሚሆን ካልሲየም የለውም። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የምትገዢው የቆሮሶ ዓሣም ይሆናል፤ ቀቅለሽ እሾሁን በጣትሽ እየዳሰስሽ ልቀሚ፣ በዓይን ብቻ አይታመንም።

የላም ወተት ግን ይቅርብሽ። ስቡም ፕሮቲኑም ከውሻ ወተት በጣም ያነሰ ነው፣ የወተት ስኳሩ ደግሞ ይበልጣል፤ በተቅማጥ ይደክሙብሻል። የወጥ ትራፊም አትስጪ፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል። ከሉካንዳ ሳንባና ጉበት የምታመጪ ከሆነ በደንብ ቀቅይው። በጥሬው ከበሉት ውስጡ ባለው እጭ ሰበብ ትል ይይዛቸዋል፣ የዚያ ትል እንቁላል ደግሞ ለሰው፣ በተለይም ለሕፃናት ይተርፋል።

ሌላ ሰው «ጡቷን ሬት ቀቢያት» ብሎሽ አይቻለሁ። እባክሽ እንዳታደርጊው። ለልጅ ጡት ማስጣያ ስለለመድነው ነው እንጂ እሷም ትልሰዋለች፣ ቡችሎቹም ይውጡታል፤ ውሻን ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል።

ከ6ኛው ሳምንት በኋላ ቀን ቀን ለተወሰነ ሰዓት ለያይተሽ ማታ አገናኛቸው፤ ሰዓቱን እያስረዘምሽ ሂጂ። የእናትየውን ምግብም አብረሽ ቀንሺ። ስታጠባ ከወትሮው 2 እና 3 እጥፍ ትበላ የነበረችው ወደ ድሮ መጠኗ ትመለስ። ሙሉ በሙሉ በምትለያቸው ቀን ከድሮ መጠኗም ሩቡን ያህል ብቻ ስጫትና በቀጣዮቹ ቀናት ጨምሪላት፤ ምግብ ሲቀንስ ወተቱም ይቀንሳል። ውሃ ግን አትከልክያት። ጡቷ ቢወጠርም አትለቢው፣ አትሺውም፤ በታለበ ቁጥር ሌላ ይመጣል።

በየቀኑ ግን እያንዳንዱን ጡት በመዳፍሽ ዳስሺ፤ በተለይ የኋለኞቹን፣ ብዙ ወተት የሚይዙት እነሱ ናቸው። ለስለስ ብሎ መሙላት ችግር የለውም። አንዱ ብቻ ትኩስ፣ ጠጣር፣ ቀይ ወይም ወደ ሐምራዊ ያደላ ከሆነ፣ ስትነኪያት ከጮኸች፣ ምግብ ከተወች ወይም መግል ከታየሽ የጡት ኢንፌክሽን ነውና ሳታድሪ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰጃት። ከዚህም የሚብሰው የካልሲየም መውረድ ነው፤ ብዙ በሚያጠቡ ትናንሽ ውሾች ላይ በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት ይበዛል። ዕረፍት ታጣለች፣ ታለከልካለች፣ እግሯ ይገትራል፣ ትንቀጠቀጣለች። ያንን ካየሽ ቡችሎቹን አንሺባትና በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ድረሺ፤ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል፣ በደም ሥር ካልሲየም በጊዜ ካገኘች ግን ትድናለች።

ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ ጀርባቸው ከሳ ያልሻቸው ሁለቱ ወስፋት ሳይኖርባቸው አይቀርም። ከእናታቸው ማህፀንና ወተት ይተላለፍባቸዋል፤ መድኃኒቱ ከ2 ሳምንታቸው ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ እስከ 8 ሳምንት ይሰጣል። ካልጀመርሽ ነገ ሁሉንም አስመዝነሽ በክብደታቸው ልክ አሰጫቸው፣ ለእናትየውም ጭምር። ፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባሉት ገዳይ የውሻ በሽታዎች ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምሮ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንታቸው ይደገማል፤ የእብድ ውሻው በ3 ወራቸው ነው። አሁን «ስጪን» እያሉ ለሚያጣድፉሽ ሰዎች 8 ሳምንት ሳይሞላቸው አልሰጥም በያቸው፤ መንከስ እንደሚያሳምም የሚማሩት ከእናታቸውና ከወንድምና እህቶቻቸው ጋር ሲላፉ ነው።