ቆጥሬ ከሳሁ፣ ተመልሼ ወፈርኩ፦ ስለ ካሎሪ ጥያቄና መልስ

ስለ ካሎሪ (ከምግብ የምናገኘው ጉልበት መለኪያ) የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። የሥነ ምግብ ባለሙያ ነኝ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱና ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ አመጋገባችሁን ከመቀየራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

ጥያቄ፦ በስልኬ አፕ እየመዘገብኩ በአምስት ወር 11 ኪሎ ቀነስኩ። ዓመት ሳይሞላ 9ኙ ተመለሰ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ እህቴ፣ ስንፍና አይደለም። ለሠርግም ቀንሺ ለጤና፣ ሰውነትሽ የሚገባው ረሃብ መግባቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ወጪውን ይቆጥባል። አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን በሚታይ የክብደት መቀነስ ውድድር ከተካፈሉት 14ቱ ከ6 ዓመት በኋላ ተመርምረው ነበር። ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ወጣ። በአማካይ 58 ኪሎ ቀንሰው 41ዱን መልሰውታል። የሚገርመው ደግሞ፣ ዝም ብለው ባረፉበት ሰውነታቸው የሚያቃጥለው ካሎሪ ለእነሱ ዕድሜና ክብደት ከሚጠበቀው በቀን 500 ገደማ ያነሰ ነበር። 500 ካሎሪ እኮ አንድ ምሳ ነው!

በዚያ ላይ ረሃቡ አለ። አውስትራሊያ ውስጥ 50 ሰዎች ለ10 ሳምንት በጣም ትንሽ እንዲበሉ ተደርጎ ነበር። ክብደታቸው ሲቀንስ የጥጋብ ምልክት የሚሰጠው ሌፕቲን ወረደ፣ ረሃብ የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ጨመረ። ዓመት ቆይተው ሲታዩም ሆርሞኖቹ ወደ ቦታቸው አልተመለሱም። አፑ ይህን ከየት ይወቀው? እሱ የያዘው ቁመትሽን፣ ዕድሜሽንና ኪሎሽን ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ካሎሪ ውሸት ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። ከምታቃጥለው በታች ከበላህ ትከሳለህ። ጣጣው ሁለቱም ቁጥሮች ቆመው አለመጠበቃቸው ነው።

ጥያቄ፦ ሽሮ ወጥ ስንት ካሎሪ አለው? አፑ ላይ ያለው ቁጥር ይለያያል።

መልስ፦ ማን ሠራው? አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ያህል ነው። የእናቴ እጅ ዘይት ላይ ሲያርፍ ማንኪያ አያውቅም። ከዚያ አምስት ሆነን አንድ ትሪ እንከባለን። የእኔ ድርሻ ስንት ነው? ጉርሻውስ በማን ስም ይመዝገብ? ለብቻው በሳህን የሚበላውም ቢሆን አይሳካለትም። በ1992 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ «ትንሽ እየበላን አልከሳ አልን» ያሉ ሰዎች የመዘገቡት ከበሉት ግማሽ ያህሉን ነበር። ዋሽተው አይደለም። ሰው የቀመሰውን አይቆጥርም።

ጥያቄ፦ ሁዳዴን ሙሉ ጾሜ ለምን አልከሳሁም?

መልስ፦ ሥጋና ቅቤው ሲወጣ ሳምቡሳ፣ ዳቦና ዘይት ገብተው ይሆናል። ለማንኛውም ጾም ለቦርጭ ተብሎ የተሠራ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ጂም እየሠራሁ ነው። ሰዓቴ 600 ካሎሪ አቃጠልክ ይለኛል። ልብላበት?

መልስ፦ ተው ወንድሜ። ሰዓቱ ግምት ነው፣ ብዙ ጊዜም ያጋንናል። ጂሙን ግን አታቁም፤ የቀነስከው እንዳይመለስ የሚይዝልህ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ሳልቆጥር ምን ላድርግ?

መልስ፦ በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 20 ሰዎች ሁለት ሳምንት በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ደግሞ ብዙም ያልተነካካ ምግብ ቀረበላቸው። የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳርና ቅባት እኩል ነበር፤ እስክትጠግቡ ብሉ ተባሉ። በፋብሪካው ምግብ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ። ማንም አልቆጠረም፤ ምግቡ ራሱ ልዩነት አመጣ። እኔ ብሆን ከሚጠጣው እጀምራለሁ፦ ለስላሳ፣ ስኳር የተጨመረበት ጁስ፣ ሦስት ማንኪያ የሚገባበት ሻይ። ከዚያ ምስሩንና ጎመኑን አብዝቶ እንጀራውን መቀነስ። ዘይቱን ደግሞ ከጠርሙሱ ሳይሆን በማንኪያ።

ለሁለት ሳምንት መቁጠር ግን አይጎዳም፤ ዘይቱ የት እንዳለ ያሳያል። ቁጥሩ እንቅልፍ የሚነሳችሁ ከሆነ አፑን አጥፉት።

ጥያቄ፦ ጅዳ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ሳልበላ ውዬ እራቴን የምበላው ማታ 5 ሰዓት ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሰዓቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቀኑን ሙሉ ተርበሽ መዋልሽ ነው። ቀን ላይ እንቁላል ወይም እርጎ፣ ቆመሽም ቢሆን ብዪ። ማታ ከሩዙ በፊት ሰላጣውን አስቀድሚ። ካሎሪ መቁጠሩን አሁን ተይው፤ ያለብሽ ሥራ ይበቃሻል።