ስሟን አልጠራሁም

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ፒያሳ አግኝታኝ፣ «ጋሼ፣ ሱቃችን ተዘርፎ ጋዜጠኛ ደጋግሞ ይደውልልኛል፤ ባላናግረው ያስጠይቀኛል?» አለችኝ። አያስጠይቅሽም አልኳት። ለፖሊስ ቃል መስጠት ሌላ፣ ለእኛ ለጋዜጠኞች ማውራት ሌላ። በዚሁ ተለያየን፤ ሌሊቱን ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

ወጣት የሬዲዮ ዘጋቢ ሳለሁ እዚሁ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንዲት ሴት ሌሊት ቤቷ ተሰብሮ ተደብድባ ተዘረፈች። በማግስቱ መቅረጸ ድምፄን አንጠልጥዬ ደረስኩ። ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል፣ ቡና ይፈላል፤ እሷ ግንባሯን በሻሽ ታስራ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። መናገር አልፈለገችም። «አብሽሪ፣ ስምሽን አልጠራም» እያልኩ አግባባኋት። በረካው ሳይደርስ ሁሉንም ነገረችኝ፤ ከሌቦቹ አንዱን በድምፁ እንደለየችው ጭምር።

ቃሌን ጠበቅሁ፤ ስሟን አልጠራሁም። «ከወፍጮ ቤቱ ጎን በርበሬ የምትነግድ የሦስት ልጆች እናት» አልኩ። ደሴ እኮ ናት! ከሸዋ በር እስከ ቧንቧ ውሃ ያላወቃት አልነበረም። ድምፅ ለይታለች የሚለውንም ጨመርኩበት። አለቃዬ አመሰገነኝ። በሳምንቱ ማታ ማታ ቆርቆሮዋ ላይ ድንጋይ መወርወር ጀመረ፤ ወሩ ሳያልቅ ልጆቿን ይዛ ኮምቦልቻ ወረደች።

እናንተ ደግሞ ጋዜጠኛም አትጠብቁ፤ ሰው እየደማ ስልክ አውጥታችሁ ቲክቶክ ላይ ትለጥፋላችሁ። እኔ ቢያንስ የሚያርመኝ አለቃ ነበረኝ። ለነገሩ እሱም አላረመኝም።

የተጎዳ ሰው ካላችሁ፣ ከቤተሰቡ አንድ የተረጋጋ ሰው ይናገርለት። ስም ብቻ ሳይሆን ሰፈሩ፣ ሥራው፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት እንዳይነሳ ከመቀረጹ በፊት ተስማሙ፤ ካወሩ በኋላ «ይቺን አታውጣት» ማለት ብዙም አያድንም። ፖሊስ ገና የሚፈልገውን ሰው የሚያነቃ ነገር ከአፋችሁ አይውጣ። ስህተት ከተላለፈ የ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 መልስ የመስጠት መብት ይሰጣችኋል። ጉዳዩ ችሎት ሲደርስም፣ የግል ሕይወትን ለመጠበቅ በዝግ ሊታይ እንደሚችል ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ አለ፤ ጠይቁ። ዝም በሉ ማለቴ አይደለም፤ ዜና ባይነገር ኖሮ ማንም ዞር ብሎ ያላየው ብዙ በደል አውቃለሁ።

ከዓመታት በኋላ ከኮምቦልቻ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከረዳቱ ጋር በመልስ ስጨቃጨቅ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴት «ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ» አለች። ዞርኩ። ግንባሯ ላይ ጠባሳው አለ። የሀረጎን ዳገት ወጥተን እስክንጨርስ ሌላ ቃል አልተነፈሰችም፤ እኔም ይቅርታ የምትለዋን ቃል ይዤ መናኸሪያ ደረስኩ። ቀድማኝ ወረደች።