ድንበር ይታጨዳል፣ ወሰን ይጻፋል

ጥያቄ፦ «የምጽፍልዎ ከሞጣ አካባቢ ነው። አባቴ ጉልበታቸው ስለ ደከመ መሬታችንን ለጎረቤታችን በሲሶ ልንሰጥ ተስማምተናል። ውሉን እንድጽፍ የታዘዝሁት እኔ ነኝ፤ ቃላቱ ግን አስቸገሩኝ። አባቴ ‹ርስቴ› ይላሉ፤ የመሬት ጽሕፈት ቤቱ የሰጠን ደብተር ‹ይዞታ› ይላል። እሳቸው ‹ድንበር› ይላሉ፤ ደብተሩ ‹ወሰን› እና ‹አዋሳኝ› ይላል። ለእሳቸው ሁለት ጥማድ የሆነው መሬት በደብተሩ 0.43 ሄክታር ነው። አንድ ጓደኛዬ ‹የገበሬው ቃል አሮጌ ነው፤ የጽሕፈት ቤቱን ብቻ ጻፍ› ብሎኛል። በዳር በኩል ያለውን ባሕር ዛፍስ ‹ደን› ልበለው?»

መልስ፦ የጓደኛዎን ምክር አይቀበሉ። የዘረዘሯቸው ጥንዶች አሮጌና አዲስ ስሞች አይደሉም። አብዛኞቹ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን የሚጠሩ ስለሆኑ፣ አንዱን ጽፈው ሌላውን ከጣሉ ውሉ ይጎድላል።

ከድንበር ልጀምር፤ ጠብ የሚነሣው ከእሱ ነውና። ያደግሁት በምሥራቅ ጎጃም ገጠር ነው። ክረምቱ ሲወጣ ማጭድ ይሰጠኝና «ሂድ፣ የድንበሩን ሣር እጨድ» እባል ነበር። በእኛ ጤፍና በጎረቤታችን ስንዴ መካከል አንድ ክንድ ተኩል ያህል ስፋት ያለው፣ ማረሻ ነክቶት የማያውቅ መሬት ነበረ። ሣሩ ጉልበቴን ያልፋል፤ በየመካከሉ ግማሽ አካላቸው የተቀበረ ድንጋዮች አሉ። በእኛ በኩል ያለው ግማሽ ሣር የእኛ፣ በወዲያ በኩል ያለው የእነሱ ነው። አንድ ቀን ቸኩዬ ከድንጋዮቹ ወዲያ አልፌ አጨድሁ። አያቴ ነዶውን ተሸክሜ ለድንበርተኛችን እንዳደርስ አዘዙኝ፤ የታጨደው ሣር ከአንድ ሸክም የማይበልጥ ነበር።

ድንበር ማለት እንግዲህ ይህ ነው። በዓይን የሚታይ፣ በእግር የሚረገጥ፣ ስፋት ያለው ነገር ነው። ሣር ይበቅልበታል፣ ይታጨዳል፣ ከብት ይታሰርበታል። መሬት ስለሆነም ይታረሳል። ገበሬው «ድንበሬን አረሰው»፣ «አንድ ትልም ገፋኝ» ብሎ የሚከሰው ለዚህ ነው። በሬዎቹ ከማሳው ዳር ደርሰው ሲዞሩ አራሹ እርፉን ጥቂት ወደ ውጭ ቢያጋድል ማረሻው ከሣሩ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ይቆርሳል። በሚመጣው ዓመትም አንድ ስንዝር ይጨምራል። ከጥቂት ክረምት በኋላ ሣሩ የለም፤ የሁለቱ ሰዎች ትልም ይገናኛል፤ ያን ጊዜ ሽማግሌ ይጠራል።

ወሰን የመጣው ከሌላ ወገን ነው። ሥሩ የግእዙ «ወሰነ» ሲሆን ውሳኔ፣ ውሱን፣ የተወሰነ፣ ወሳኝ የምንላቸው ሁሉ ዘመዶቹ ናቸው። ስለዚህ ወሰን ሰዎች ተስማምተው ወይም ዳኛ ፈርዶ «እዚህ ድረስ» ያሉት መስመር ነው። ስፋት የለውም፤ ሣርም አይበቅልበትም። ቀያሹ በመሣሪያው ነጥብ ወስዶ በካርታ ላይ ሲያሰምረው ቅጥነቱ የእርሳስ ጫፍ ያህል ነው። ድንበሩ ቢታረስና ቢጠፋ እንኳን ወሰኑ በወረቀት ላይ አለ። በሀገር ደረጃ ስንናገር ሁለቱ እንደሚቀላቀሉ አውቃለሁ፤ ዓባይን «ድንበር ተሻጋሪ» እንላለን፣ ሕገ መንግሥቱ ደግሞ «የግዛት ወሰን» ይላል። በማሳ ላይ ግን ልዩነቱ አሁንም ሕያው ነው፤ የአባትዎም አነጋገር ይህንኑ የጠበቀ ነው።

አዋሳኝና ድንበርተኛም እንዲሁ ናቸው። አዋሳኝ ወንዝም፣ መንገድም፣ የቤተ ክርስቲያን ቅጽርም ሊሆን ይችላል፤ «በደቡብ ወንዝ ያዋስነዋል» ይባላል። ድንበርተኛ ግን ሰው ብቻ ነው፤ ወንዝን ድንበርተኛ የሚል ገበሬ ሰምቼ አላውቅም። በውልዎ አራቱን ማዕዘን በ«ያዋስነዋል» ይጻፉና ከሥሩ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ይጨምሩ፦ «በምሥራቅ በኩል ያለው ሣር የበቀለበት ድንበር አይታረስም፤ ሣሩን የሚያጭደው እገሌ ነው።» ካርታው ስለ ሣሩ አይናገርም፤ ጎረቤትዎ ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሣሩ ነው።

ርስትን በተመለከተ አባትዎን አላርማቸውም፤ እርስዎ ግን ውሉ ላይ አይጻፉት። ርስት የውርስና የወራሽ ዘመድ ነው፤ ሁሉም የሚወለዱት ከ«ወረሰ» ነው። በቀድሞው የጎጃም ሥርዓት ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ትውልዱን ቆጥሮ መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው አባት ዘንድ ከደረሰ ድርሻ ይጠይቅ ነበር። እንግዲህ ርስት ሲባል አንድ የታወቀ ማሳ ብቻ ሳይሆን በትውልድ የሚገኝ የመጠየቅ መብትም ጭምር ነበር። አንድ ሰው ገና ያላረሰው፣ በዓይኑም ያላየው መሬት «ርስቴ ነው» ሊል ይችል ነበር። ይዞታ ግን ከ«ያዘ» የወጣ ስለሆነ ዛሬ በእጅ ያለውን ብቻ ይናገራል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ርስት ከሕግ ቋንቋ ወጣ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሎ ደነገገ። ዛሬ በውል ላይ «ርስቴን ሰጠሁ» ብለው ቢጽፉ ሕጉ የማያውቀውን መብት እንደ መጥራት ነው። «ባለቤት» የሚለውም ከዚያው ችግር ይገባልና «ባለ ይዞታ» ይበሉ። አባትዎ በቃል ርስቴ ማለታቸው ግን ትክክል ነው። አያት ቅድመ አያታቸው የተቀበሩበትን አፈር ይዞታ ብሎ መጥራት ለእሳቸው መሬቱን ከዘመዶቻቸው እንደ መነጠል ነው፤ ይህን የሚሸከምላቸው ሌላ ቃል አማርኛ የለውም።

ጥማድ የወጣው ከ«ጠመደ» ነው። አንድ ጥማድ በሬ ሲባል በአንድ ቀንበር የሚውሉት ሁለቱ በሬዎች ናቸው፤ አንድ ጥማድ መሬት ሲባል ደግሞ እነዚያ በሬዎች በአንድ ቀን የሚያርሱት ነው። በግምት የሄክታር ሩብ፣ ማለትም 2,500 ካሬ ሜትር ያህል ይባላል። ግን የሚለካው ድካምን ስለሆነ ዋልካ በሚባለው ከባድ ጥቁር አፈር ላይ ይጠብባል፣ ቀላል አፈር ላይ ይሰፋል። ሁለት ጥማድ በስሌት 0.50 ሄክታር መሆን ሲገባው ደብተርዎ 0.43 ማለቱ አባትዎን ውሸታም፣ ቀያሹንም ሌባ አያደርግም። መሬቱ ዋልካ ወይም ተዳፋት እንደሆነ ይጠይቁ። በውሉ ላይ የደብተሩን ቁጥር አስቀድመው «በልማድ ሁለት ጥማድ የሚባለው» ብለው ያያይዙት፤ ምስክሮቹ መሬቱን የሚያውቁት በዚህ ስሙ ነውና። (ልኬታ የሚለው ቃል ሽማግሌዎችን ቢያስከፋቸው አይገረሙ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ያመፀው በግብሩ ብቻ አልነበረም። መሬቱ ተለክቶ ርስቱን እንዳያጣ ፈርቶም ነበር። «ቀላድ» የመለኪያው ገመድ ስም ነው፤ ብዙ የጎጃም ሽማግሌ ግን ዛሬም ቃሉን ሲሰማ ፊቱ ይጠቁራል።)

ባሕር ዛፉን ደን አይበሉት። ደን ብዙ ዓይነት ዛፍ ያለበት፣ ጥላውና አውሬው የራሱ የሆነ ቦታ ነው፤ በየደብሩ ዙሪያ የቀሩት ጽድና ወይራ ደን ይባላሉ። ሠላሳና አርባ ባሕር ዛፍ በመስመር ቢቆም ባሕር ዛፍ ነው፤ ባለቤቱም «ባሕር ዛፌ» ይላል እንጂ «ደኔ» አይልም። ይልቅ ሊጠነቀቁለት የሚገባ ሌላ ቃል አለ። ባሕር ዛፍ ተቆርጦ አያልቅም፤ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም እንደ ገና ለማገርና ለአጣና ይደርሳል። ውሉ «ዛፎቹ» ብቻ ካለ የቆመውን ግንድ እንጂ ጉቶውን አልጠራም። ጎረቤትዎ «የተቆረጠው የእናንተ ነበር፤ ያቆጠቆጠው ግን በእኔ ዘመን የበቀለ ነው» ቢል መልስ ያጣሉ። «ባሕር ዛፉ ከነጉቶውና ከሚያቆጠቁጠው ጋር» ብለው ይጻፉ።

አሁን እርስዎ ሳይጠይቁ ያለፉት ቃል ቀረ፤ እኔን ያሳሰበኝም እሱ ነው። «በሲሶ ልንሰጥ ተስማምተናል» ብለዋል። ሲሶ ከሦስት አንድ እጅ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ እርቦም ከአራት አንድ ነው። ግን ሲሶው የማን ነው? ባለ መሬቱ ሲሶውን የሚወስድበት ውል አለ፤ አራሹ ጉልበቱን ብቻ አቅርቦ ሲሶውን የሚወስድበትም አለ። በሬውና ዘሩ የማን እንደሆነ ይወስነዋል። አባትዎና ጎረቤትዎ ሲስማሙ ሁለቱም «ሲሶ» ብለዋል፤ ሁለቱም በልባቸው ያሰቡት አንድ መሆኑን የሚያረጋግጥ ነገር ግን ቃሉ ውስጥ የለም።

መድኃኒቱ ከእርስዎ ደጃፍ ላይ ተጽፏል። ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ከተማ ናት፤ ጎረቤቱ ወረዳ ደግሞ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ይባላል። እነዚህን ስሞች በየቀኑ እየሰማን ለምን እንደተባሉ አናስብም። «እጅ» በዚህ ስፍራ ክፍል ማለት ነው፤ በአማርኛ «ሁለት እጁ» ሲባል ከሦስቱ ሁለቱ፣ «ሲሶው» ሲባል ቀሪው አንዱ ነው። እነሴ ከሦስት ሲከፈል ሁለቱ ክፍል በአንድ ወገን፣ ሦስተኛው በሌላ ወገን እንደ ቀረ ስሞቹ ራሳቸው ይናገራሉ። በእነዚህ ስሞች ውስጥ ሁለት እጁ ከሲሶው ጋር እየተጠራ ስለሆነ የትኛው ወገን ምን እንደ ደረሰው አያሻማም። እርስዎም እንደዚያው ያድርጉ፦ «ከምርቱ ሲሶው ለባለ ይዞታው፣ ሁለት እጁ ለአራሹ ይሆናል፤ በሬውንና ዘሩን የሚያቀርበው አራሹ ነው።» ስምምነታችሁ በተቃራኒው ከሆነ ስሞቹን ያለዋውጧቸው። ዋናው ሁለቱም ድርሻ በስም መጠራቱ ነው።

«ምርት» የሚለውን ቃል ከመጻፍዎ በፊትም ከሁለቱ ሰዎች ጋር ይቀመጡ። በገበሬ ጆሮ ምርት በአውድማ ላይ ተወቅቶ የሚሰፈረው እህል ነው፤ የጤፉ ጭድ በዚህ ቃል ውስጥ አይገባም። በበጋ ግን የአባትዎን ላሞች የሚያኖረው ጭዱ ነው። ጭዱም በሲሶ ይከፈል እንደሆነ፣ ወይም ሁሉም ለአንዱ ይሁን እንደሆነ ይጠይቋቸውና በራሱ ስም ይጻፉት።