ኤጀንትን በኤፍፒጂኤ ላይ ማሠራት፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ (ከዚራ)፦ ኤጀንት በቺፕ ላይ «በቀጥታ» ይሠራል ሲባል ምን ማለት ነው? ማንኛውም ፕሮግራም በቺፕ ላይ አይደለም እንዴ የሚሠራው?

መልስ፦ በተለመደው አሠራር ኤጀንቱ፣ ማለትም አካባቢውን እየተከታተለ በራሱ የሚወስነው ሶፍትዌር፣ የትዕዛዞች ዝርዝር ሆኖ ይቀመጥና ፕሮሰሰሩ ትዕዛዞቹን በተራ እያነሳ ይፈጽማቸዋል። በኤፍፒጂኤ (FPGA)፣ ማለትም የውስጥ ሰርኪዩቱ ከተሠራ በኋላም በተጠቃሚው ሊቀየር በሚችል ቺፕ ላይ ግን የውሳኔው ሕግ ራሱ ሰርኪዩት ይሆናል። ቺፑ ከፋብሪካ ሲወጣ ሥራው አልተወሰነለትም፤ ቬሪሎግ ወይም ቪኤችዲኤል በተባሉት የሰርኪዩት መግለጫ ቋንቋዎች የተጻፈው ንድፍ ሲጫንበት ነው የውስጥ ሎጂክ ክፍሎቹ ተግባርና ትስስር የሚወሰነው። ዛይሊንክስ የተባለው ኩባንያ በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጣው የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ቺፕ 64 የሎጂክ ክፍሎች ብቻ ነበሩት።

ጥያቄ (ሳቢያን)፦ ፍጥነቱ ከላፕቶፕ ፕሮሰሰር ካነሰ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ አብዛኞቹ ንድፎች በጥቂት መቶ ሜጋኸርዝ ወይም ከዚያ በታች ይሠራሉ። ይሁን እንጂ አሥር ሴንሰር የሚከታተል ኤጀንት ለእያንዳንዱ ሴንሰር የየራሱ ሰርኪዩት ሊኖረው ስለሚችል ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነበባሉ። በ100 ሜጋኸርዝ አንድ የሰዓት ምት (የቺፑን ሥራ ደረጃ በደረጃ የሚያስኬደው ምልክት) 10 ናኖሰከንድ ነውና፣ አምስት ምት እንዲፈጅ የተነደፈ ውሳኔ ሁልጊዜ በ50 ናኖሰከንድ ይደርሳል። ዋናው ብልጫ ፍጥነቱ ሳይሆን ይህ እርግጠኝነት ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ (መጋላ)፦ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያደረሰብንን አንረሳም። የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ኤጀንት በዚህ ቺፕ ብንሠራስ?

መልስ፦ ሥራው እጅግ አስፈላጊ ነው፤ ቺፑ ግን አይደለም። ውሃው የሚሞላው በደቂቃዎች እንጂ በናኖሰከንድ ስላልሆነ ርካሽ ማይክሮኮንትሮለር (በአንድ ቺፕ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር) ይበቃል። ጎርፉ የሚመጣው በላይኛው ደጋ ከዘነበው ዝናብ በመሆኑ፣ የተረፈው ገንዘብ እዚያ ለሚተከሉ ሴንሰሮች፣ ለባትሪና መልእክቱን በሌሊት ለነዋሪው ለሚያደርሰው መሣሪያ ቢውል ይሻላል። ከበርካታ ካሜራዎች የሚመጣ ምስል እዚያው በቦታው ይተንተን ከተባለ ግን ያን ጊዜ ኤፍፒጂኤን እመክራለሁ።

ጥያቄ (ሐረር፣ ጀጎል)፦ ትልቅ የቋንቋ ሞዴል የሚጠቀም ኤጀንትስ ይጫንበታል?

መልስ፦ በተማሪ ቦርድ ላይ አይሆንም፤ ማኅደረ ትውስታው አይበቃም። አስቸኳዩን ውሳኔ ለኤፍፒጂኤው ሎጂክ፣ ሰፊውን ሐሳብ ለፕሮሰሰር መስጠት ይቻላል፤ ዚንክ የተባለው ቺፕ ሁለቱንም በአንድነት ይዟል።

ጥያቄ (ድሬዳዋ)፦ ኤጀንቱ ሰርኪዩቱን ራሱ ማሻሻል ይችላል? ሙቀታችንስ አያሰናክለውም?

መልስ፦ ሁለቱ ጥያቄዎች ይገናኛሉ። ኤድሪያን ቶምፕሰን የተባለው ተመራማሪ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ፣ የ1 እና የ10 ኪሎኸርዝ ድምፆችን የሚለይ ሰርኪዩት በዝግመተ ለውጥ ስልት (ብዙ ንድፎችን እየሞከሩ የተሻሉትን በማስቀረትና በማዳቀል) በቺፑ ላይ እንዲፈጠር አድርጓል። ሰርኪዩቱ የሰዓት ምት ስላልነበረው በዚያው ቺፕ አካላዊ ባሕርይ ላይ ተመሠረተ፤ የሙቀት መጠን ሲለወጥም ሥራው ይታወክ ነበር። ስለዚህ ኤጀንቱ አስቀድመው ከተፈተኑ፣ በሰዓት ምት ከሚመሩ ንድፎች አንዱን መርጦ የቺፑን ከፊል ክፍል እንዲቀይር ብቻ ይፈቀድለት፤ ቺፑም የውስጥ ሙቀቱ እስከ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢደርስ የሚሠራው የኢንዱስትሪ ደረጃ ይሁን።